ሁለት አጭር ፊሽካ ለዳኛው

እትዬ አልጋነሽ ማረፏን በስልክ ሲነግሩኝ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ነፍስ ይማር» አልነበረም። «ስንት ሆነው አነሷት?» ነው ያልኩት።

የደወለችልኝ የእህቷ ልጅ ሂሩት ናት። ሐዘኑ ራሴን ያዞረኝ ሳይመስላት አልቀረም። «ኧረ ማንም አላነሳትም፤ ተኝታ ነው ያረፈችው። ጠዋት ልቀሰቅሳት ስገባ...» ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም አለቀስኩ። በጥያቄዬ ግን አላፈርኩም። የእኔን ሞት ለእትዬ አልጋነሽ ቢያረዷት ኖሮ እሷም ከዚህ ሌላ የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም።

ለማያውቃት ሰው ይህ እብደት ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ገባ ብሎ ከነበሩት ቪላዎች በአንዱ፣ እኔና እሷ አንድ በሽተኛ እናስታምም ነበር። እኔ ወጣት ነኝ፤ ሥራ በማግኘቴ ብቻ ደስ ብሎኝ ከ«እሺ» ሌላ ቃል አላውቅም። እሷ ሆስፒታል በጽዳት ገብታ፣ በኋላ በሽተኛ ረዳት ሆና ብዙ የሠራች፣ ቁመቷ አጭር ድምፅዋ ረጅም ሴት ነበረች። ጌጥ ትወዳለች፤ ፀጉሯን ሳትሠራ ደጅ አትወጣም። ጥፍሯን ግን ከሥጋው እኩል ትከረክመዋለች። በእግሯ ደግሞ ሁልጊዜ የሸራ ጫማ፣ ክሩ ሁለት ጊዜ የታሰረ። ነጠላ ጫማ አድርጌ ሥራ የገባሁ ቀን ከበሩ ላይ ነው የመለሰችኝ።

«ገላሽን ልትታጠቢ ነው ወይስ ሰው ልታነሺ?» አለችኝ። «ነጠላ ጫማ ሲያዳልጥ አንቺን ብቻ አይደለም የሚጥለው።»

በስሟ ስትቀልድ ከሁሉ ቀድማ የምትስቀው ራሷ ናት። «አባቴ ዙፋን ተመኝቶልኝ አልጋነሽ አለኝ፤ እግዜር ግን የበሽተኛ አልጋ መሰለው» ትላለች።

በሽተኛችን ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ዳኛው» ነው የሚላቸው። ደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። ምላሳቸውም ተሳስሮ፣ ከዚያ ሁሉ የችሎት ንግግር አንዲት ቃል ብቻ ቀርታላቸዋለች፤ «አቤት»። ሲጠማቸው አቤት፣ ሲበርዳቸው አቤት፣ ሬዲዮኑ ሲያሰለቻቸው አቤት። እትዬ አልጋነሽ አንዱን አቤት ከሌላው እለያለሁ ትል ነበር። ሐሰት ነው። ውሃ ፈልገው ሽንት ቤት ያደረስናቸው ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ እሳቸውም በደህናው ግማሽ ፊታቸው ይስቁብን ነበር።

ዳኛው ግዙፍ ሰው ናቸው፤ በሽታው እንኳ አላከሳቸውም። እሳቸውን ማንሳት የራሱ ሥርዓት ነበረው። እትዬ አልጋነሽ መጀመሪያ ጎንበስ ትልና «ዳኛው፣ ልናነሳዎት ነው፤ ይፈቅዳሉ?» ትላቸዋለች።

«አቤት» ይላሉ።

«ፈቅደዋል» ትለኛለች። ከዚያ «ጉልበት» ስትል ጉልበታችንን እናጥፋለን፤ «ትንፋሽ» ስትል አየር እንስባለን፤ «እንግዲህ» ስትል አንሶላውን በሁለት በኩል ይዘን እኩል እናነሳለን። ወገብ አይጎብጥም፣ ማንም ቀድሞ አይስብም፣ ማንም ብቻውን አያነሳም። «ሸክም የትም ይወርዳል፤ ወገብ ግን ከሄደ አይመለስም» ትለኝ ነበር። በሆስፒታሉ አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ አንድ ከባድ በሽተኛ ብቻዋን ስታነሳ ወገቧ ተቀጭቶ፣ ራሷ በሽተኛ ሆና ቀርታለች። ስለሷ ሲነሳ ብቻ ነው እትዬ አልጋነሽ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርገው።

በዚያ ዘመን በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ይኬዳል። እትዬ አልጋነሽ ክበቡ ላይ ብዙውን ሰዓት ታንቀላፋና ለሥራ የሚሆናትን ቃል ብቻ ይዛ ትመጣለች። «ወገቤ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው፤ ያላግባብ አይባክንም» የምትለው ከዚያ ያመጣችው ነው። ክርክር ሲጠብቅባት ደግሞ «አዲሱ አዋጅ እንዲህ ይላል» ትላለች። የትኛው አዲሱ ሲሏት «የመጨረሻው» ትላለች። አዋጅ እንደ ዝናብ በሚወርድበት ዘመን አልሰማሁም ብሎ የሚደፍራት ሰው አይገኝም። እኔ ግን እስካሁን እንዲህ የሚል አዋጅ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከምክሮቿ ሁሉ አንዱ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «እንደ ልጃችን ነሽ ሲሉሽ፣ ወገብሽን ያዢ» ትለኝ ነበር። «ሠራተኛ እሑድ አላት፤ እንደ ልጅ የሆነች ግን እሑድ የላትም።»

የቤቱ እመቤት የዳኛው ልጅ ወይዘሮ ሰብለ ናቸው። መሥሪያ ቤት የሚውሉ፣ አባታቸውን የሚወዱ፣ ክፋት የሌላቸው ሴት ነበሩ። ችግራቸው ስኳር ነው። ስኳር የሚገኘው በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ተሰልፎ ነው፤ ሰልፉ ደግሞ ቀኑን ይበላል። አንድ ቀን ጠዋት ወይዘሮ ሰብለ ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ፣ «ሁለታችሁም እዚህ ከምትውሉ አንዳችሁ ብትሰለፉስ?» አሉ።

«ዳኛውን ለብቻዬ አላነሳም» አለች እትዬ አልጋነሽ።

«ለትንሽ ሰዓት ነው። ደግሞ አንቺ እንደ ልጃችን አይደለሽ?»

እትዬ አልጋነሽ ወደ እኔ ዞር ብላ ወገቧን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ዘንቢል ፍለጋ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ የሰልፍ ሰው ሆንኩ። እትዬ አልጋነሽም በማግስቱ በአንገቷ ላይ ፊሽካ አንጠልጥላ መጣች። በቀበሌው የኳስ ጨዋታ ዳኛ ከሆነ ጎረቤቷ ለምና ያመጣችው ነው። «ከዳኛ ለዳኛ» ብላ አሳየቻቸው፤ እሳቸውም «አቤት» አሉ። ሱቁ ከቤታችን ጀርባ ጥጉ ላይ ነው። ዳኛውን ማንሳት ሲያስፈልግ ልትነፋ፣ እኔም ከሰልፉ ወጥቼ ልሮጥ ተስማማን። የረሳነው አንድ ነገር ነበር። በዚያ ዘመን ፊሽካ ማለት ውጣ ማለት ነው። ለስብሰባ ውጣ፣ ለጽዳት ዘመቻ ውጣ፣ ለሰላማዊ ሰልፍ ውጣ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የቀረ ግን ይጠየቃል።

ያን ቀን ከሰልፉ ጭራ ቆሜ ከፊቴ ካለችው ሴት ጋር ስለ በርበሬ እናወራለን። ፊሽካው ተነፋ። ረጅም ነበር፤ እትዬ አልጋነሽ ደረቷ ውስጥ ያለውን አየር ሁሉ የሰጠችው ይመስለኛል። ዘንቢሌን አንስቼ ቀና ስል ሰልፉ የለም። ሴቶቹ መጥረጊያ ሊያመጡ ወደየቤታቸው ሮጠዋል፣ ባለሱቁ መስኮቱን ዘግቶ አካፋ ይፈልጋል፣ ያች የበርበሬዋ ሴትም እየሮጠች «የዛሬው ደግሞ የምንድን ነው?» ትላለች። እድሜ ልኬን የተመኘሁትን የሰልፍ መጀመሪያ አገኘሁ፤ ግን የሚሸጥልኝ አልነበረም። እኔም ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። ግማሹ አካፋ ግማሹ መጥረጊያ ይዟል፤ አንዱ የተጠቀለለ መፈክር በትከሻው ተሸክሟል። ዳኛው ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ተንሸራትተው ሳሎኑ ወለል ላይ ወድቀዋል። እትዬ አልጋነሽ ልታነሳቸው አልታገለችም። ከራሳቸው ሥር ትራስ አድርጋ፣ ጋቢ አልብሳ፣ እጃቸውን ይዛ አጠገባቸው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብላለች። ሰዉን ስታይ ብድግ አለችና መምረጥ ጀመረች።

«አንተ ባለ ክራባት፣ ና እግራቸውን ያዝ። አንቺ መጥረጊያውን አስቀምጪና በዚህ በኩል ነይ። ሙሉ፣ አንሶላውን።» ሙሉ እኔ ነኝ።

ባለ ክራባቱ ጓድ ተስፋዬ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። ከእሱ በላይ ያሉት ሳይነግሩት ስብሰባ የጠሩ መስሎት፣ ክራባቱን እያሰረ ነው የሮጠው። እትዬ አልጋነሽ ማንነቱን አታውቅም፤ ብታውቅም የምትለውጠው ነገር አልነበራትም።

«ዳኛው፣ ይፈቅዳሉ?»

«አቤት።»

«ፈቅደዋል። ጉልበት!»

ሊቀመንበሩ ጉልበቱን አጠፈ። «ትንፋሽ» ስትል አየር ሳበ፤ «እንግዲህ» ስትል ዳኛው አንድ ቦታቸው ሳይነካ አልጋቸው ላይ ነበሩ። ሰዉም ከስብሰባ ልማዱ አጨበጨበ።

ሳቁ ግን ከዚያ አላለፈም። በማግስቱ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ መጥቶ፣ ጓዲት አልጋነሽ ያለ ፈቃድ ሕዝብ ስለሰበሰበች እሑድ ፍርድ ሸንጎ ትቀርባለች አለ። በዚያ ዘመን ይህ የሚያስቅ ክስ አይደለም። ከዚህ ባነሰ ነገር ገብተው ያልተመለሱ ሰዎች በየሰፈሩ ነበሩ። ወይዘሮ ሰብለም ስሜ በቀበሌ ተነሳ ብለው ደነገጡና፣ «እንደ ልጄ ባይሽ አዋረድሽኝ፤ ከእሑድ በኋላ እዚህ ቤት እንዳትመጪ» አሏት። እትዬ አልጋነሽ እናቷ የሞተችባትን ሂሩትን በአንዲት ክፍል ቤት የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው። እሑድ ጠዋት የሸራ ጫማዋን ክር ማሰር አቅቷት፣ ተንበርክኬ ያሰርኩላት እኔ ነኝ።

ሸንጎው ሦስት ሰው ነው፤ መካከል ላይ ጓድ ተስፋዬ ተቀምጧል፣ ክራባቱ አሁን በደንብ ታስሯል።

«ማን ፈቅዶልሽ ነው ሕዝብ የሰበሰብሽው?»

«ሕዝብ አልሰበሰብኩም፣ ጓድ ሊቀመንበር። የጠራሁት ሙሉን ነው፤ ሕዝቡ በራሱ መጣ። እርስዎም ጭምር።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ደበቀ። ወይዘሮ ሰብለ ብድግ አሉ። «እኛ እኮ እንደ ሠራተኛ አይተናት አናውቅም፤ ልጃችን ናት። ልጅ አባቷን ለማንሳት አገር ትጠራለች?»

እትዬ አልጋነሽ ወደሳቸው ዞረች። ስለዚያች ጓደኛዋ ሲነሳ እንደምታደርገው ድምፅዋን ዝቅ አደረገችው። «ወይዘሮ ሰብለ፣ እሺ ልጅ ልሁን። ዳኛውን ብቻዬን ሳነሳ ወገቤ ቢቀጭ፣ አልጋ ላይ ብውል፣ ያስታምሙኛል? ይገለብጡኛል? ሂሩትን ያሳድጉልኛል?»

ወይዘሮ ሰብለ ውሸታም ሴት አልነበሩምና «አዎ» ማለት አልሆነላቸውም። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሁለት ሰው ያስፈልጋል የሚለው በየትኛው ሕግ ነው?» አለ ጓድ ተስፋዬ።

«በአዲሱ አዋጅ።»

ጓድ ተስፋዬ ግራ ቀኙን አየ። ግራ ቀኙ ያሉትም እሱን አዩት። «አዎ፣ በአዲሱ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ቢሆንም በሽተኛው ራሳቸው ቢጠየቁ ጥሩ ነው።»

ሸንጎው ተነስቶ ቤታችን መጣ፤ ሰዉም ተከተለ። ጓድ ተስፋዬ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ፣ «አባት፣ ይህች ሴት ትሂድ ወይስ ትቆይ?» አላቸው።

«አቤት» አሉ ዳኛው።

«ምን ማለታቸው ነው?»

«ለሁሉም ነገር እንዲህ ነው የሚሉት» አሉ ወይዘሮ ሰብለ ቀስ ብለው።

እትዬ አልጋነሽ እንኳ ያን ጊዜ ልተርጉም አላለችም። ያን ጊዜ ነው ከሸንጎው አንዱ፣ አቶ በላቸው የሚባሉ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ አልጋው የተጠጉት።

«እኝህ ሰው በመሬት ክርክር ፈርደውብኛል» አሉ። «እስካሁንም የፈረዱት ልክ አይመስለኝም። ነገር ግን ሦስት ችሎት ሙሉ አቤት ስላቸው፣ አንድ ቀን ሳልጨርስ አስቁመውኝ አያውቁም። ዛሬ እሳቸው አቤት ብለዋል። ዳኛ አቤት ካለ አቤቱታ ነው፤ እንስማ።»

ዳኛው ደህናውን ግራ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ። እጁ ወደ እትዬ አልጋነሽ ደረት ሄደና ፊሽካውን ከነክሩ ጨበጠ። ጓድ ተስፋዬ ሊያስለቅቃቸው ቢሞክር አልለቁም። በደህናው ግማሽ ፊታቸውም ፈገግ ብለዋል። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ወይዘሮ ሰብለም እንደኔው።

ፍርዱ እዚያው አልጋው ራስጌ ተሰጠ። ዳኛው በሁለት ሰው ብቻ ይነሳሉ፤ ስኳሩን ወይዘሮ ሰብለ ራሳቸው ይሰለፋሉ፤ እኔና እትዬ አልጋነሽ እሑድ እሑድ በየተራ እናርፋለን። በመጨረሻ ጓድ ተስፋዬ ፊሽካውን በጣቱ አሳይቶ፣ «ሁለት አጭር ለዳኛው፣ አንድ ረጅም ለአብዮቱ» አለ። ሌላውን ንግግሩን ሁሉ ረስቼዋለሁ፤ ይህቺን ግን አልረሳትም።

እትዬ አልጋነሽ ፍርዱን ተቀበለች፤ ማክበር ግን አልሆነላትም። ትንፋሿ ረጅም ነበርና አጭሩም ይረዝምባታል። ስንት ጊዜ ሰፈሩ አካፋ ይዞ ወጥቶ እየተራገመ ተመልሷል። ወይዘሮ ሰብለም ሰልፍ ቆመው ሲያዩት እግራቸው አበጠ፤ ከዚያ ወዲህ ስኳር የሌለው ሻይ አንወድም ሲሉ አልሰማሁም። አንዳንድ እሑድ እኔ ባረፍኩ ቀን የሸራ ጫማ አድርገው ከእትዬ አልጋነሽ ጋር አባታቸውን ያነሱ ነበር። «እንደ ልጃችን» የሚለው ቃል ከአፋቸው ጠፋ። ዳኛው በመጨረሻ ያረፉት በገዛ አልጋቸው፣ ገላቸው ላይ አንድ የአልጋ ቁስል ሳይኖር ነው።

ከዚያ በኋላ እትዬ አልጋነሽ ከቦሌ እስከ ላምበረት በየቤቱ ብዙ ሰው አስታመመች። ከእሷ ጋር የሠራች ሴት ሁሉ የሸራ ጫማና ፊሽካ ሳትይዝ አልወጣችም። እኔም ጡረታ እስክወጣ ሰው ሳነሳ ኖርኩ። ዛሬ የእኔ እኩዮች ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይዘው ሲነሱ፣ እኔ እሰግዳለሁ። ይህን ወገብ የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው፤ የጠበቀልኝ ግን እሷ ናት። በቁሟ ይህን ነግሬያት አውቃለሁ፤ «ታዲያ ነጠላ ጫማሽን ጣልሽው?» ብላ አሳለፈችው።

የቀብሯ ዕለት ሰሚት፣ ከሂሩት ጋር ትኖርበት ወደነበረው ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ መታጠፊያው ቀጭን። ድንኳኑ ታች ተተክሎ ለቀስተኛው ተቀምጧል። የዕድሩ ጎረምሶች ሰዓት ሄደ እያሉ ሬሳ ሣጥኑን ይዘው ሲወርዱ፣ መታጠፊያው ላይ ጠበባቸውና አንዱ ልጅ ከታች በኩል ለብቻው ቀረ። ጀርባው ጎበጠ፤ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ።

«አቁሙ!» አልኩ ከኋላቸው። ማን ሊሰማኝ? በዋይታው መካከል የአንዲት አሮጊት ድምፅ ምን ያህል ይሄዳል? ወደ ክፍሏ ተመለስኩ። ፊሽካው ከአልጋዋ ራስጌ ላይ ተንጠልጥሏል። አንስቼ ደረጃው ላይ ቆምኩና ነፋሁት። ሁለት አጭር ነበር ያሰብኩት። ልቅሶው ትንፋሼን ወሰደብኝና አንድ ረጅም ሆነ።

ጎረምሶቹ ደነገጡና ሣጥኑን ደረጃው ላይ አሳረፉት። ታች ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው ቀጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መካከል፣ ከድሮው ሰፈራችን የመጣች አንዲት ሴት፣ ያችው የሰልፉ የበርበሬዋ ሴት ናት፣ ከዘራዋን ፈልጋ እየተነሳች፣ «የዛሬው ደግሞ የምንድን ነው?» አለች።

የድሮ ሰዎች ሁሉ ሳቁ። ሂሩት እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። እየሳቁም ከድንኳኑ ተነስተው ወደ ደረጃው መጡ፤ የሸራ ጫማ ያደረጉ ሴቶች፣ በሩቅ የማውቃቸው፣ ጨርሶ የማላውቃቸውም። እኔ ጎንበስ ብዬ ሣጥኑን በእጄ ነካሁና፣ «እትዬ አልጋነሽ፣ ልናነሳሽ ነው፤ ትፈቅጃለሽ?» አልኳት። ከዚያ ቀና አልኩ። «ጉልበት» አልኩ። «ትንፋሽ። እንግዲህ።»

ስንት ሆነው አነሷት ብትሉኝ አልቆጠርኩም። ደረጃው ግን ሞልቶ ነበር።